የወፍጮ ቤቱ ቀዳዳ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በአድአ የጤፍ ማሳ ዳር የአይጦች አገር ነበረ። አገሩ ሚዛን አያውቅም። አይጦቹ ሌሊቱን ሙሉ ከክምር ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጉድጓድ እየተመላለሱ ቃርሚያ ይለቅማሉ። ጤፍ ከእህል ሁሉ የደቀቀ ነውና አንዲት አይጥ ጉንጯን ለመሙላት ማሳውን ዞራ መጨረስ አለባት። ስለዚህ ወፍራም የሚባል አልነበረም። ማን ቶሎ እንደሚርበው፣ ማን ዘግይቶ እንደሚጠግብም የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ይርበዋል፣ ማንም አይጠግብም።

ኋላ በማሳው ጫፍ ወፍጮ ቤት ተሠራ። ድንጋዩ መዞር ሲጀምር ዱቄቱ ወለሉን አለበሰው። ከጎኑ ሱቅ ተከፈተና ስኳሩም፣ ብስኩቱም፣ የዘይት ጠብታውም ተጨመረ። አይጦቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ እራት ፍለጋ መሮጥ ቀረ፤ አንገትን ዘንበል ማድረግ ይበቃል።

ጥቂት ትውልድ እንዳለፈ አንድ ነገር ታየ። ከአንድ ወለል የሚልሱ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ አይጦች ቁመናቸው ተለያየ። ገሚሱ በማሳው ዘመን እንደነበረው ሸንቀጥ እንዳለ ቀረ። ገሚሱ ሞላ አለ። ገሚሱ ደግሞ ወፈረ፣ ውሎ አድሮም ከመጠን አለፈ። ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም የሆኑም ነበሩ።

ይህ ብቻውን ባልከፋ፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ድመት ነበረው። ከድመቱ ማምለጫው በግድግዳው ግርጌ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት። የቀዳዳዋ ሹም አያ ሸንቃጣ ይባላል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳውን እየዞረ የሚጠብቅ። ወፍራሞቹ «ቀዳዳዋ ትስፋልን» ብለው አቤት ቢሉት አዋጅ አስነገረ።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ቀዳዳዋ በቀድሞ ልኳ ትጸናለች። ልኩ ለአባቶቻችን በቅቷል። ያላለፈ ሆዱን ይክሰስ!»

አንድ ሌሊት ድመቱ መጣ። ሁሉም ወደ ቀዳዳዋ ሮጠ። እመት ድቡሌ የምትባለዋ አይጥ ወገቧ ላይ ስትደርስ ተቀርቅራ ቀረች። ከውስጥ ልጆቿ እጇን ጎትተው፣ ከውጭ ድመቱ ጅራቷን ጎትቶ፣ በመጨረሻ እሷ ወደ ውስጥ ጅራቷ ወደ ውጭ ሆነ። ሲነጋ ጉማጅ ጅራቷን አስከትላ ወደ ዳኛ ሄደች።

ዳኛዋ ከውኃው በርሜል ሥር የምትኖረው እመት ኤሊ ናት። የአይጦቹን ቅድመ አያቶች በዓይኗ ያየች፣ ወፍጮ ቤቱ ሳይሠራ የነበረች፣ ለፍርድ የማትቸኩል። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ተሟጋቾቹ በአባቶች ወግ ቆሙ።

«በላ ልበልሃ!» አለች እመት ድቡሌ።

«በይ ልበልሽ!» አለ አያ ሸንቃጣ።

«ሆዴን ክሰሺ ብለኸኛል። እኔ የምከሰው ቀዳዳዋን ነው። ዜጋ ነኝ፤ ወለሉን ከናንተ እኩል እጠርጋለሁ፣ ልጅ እወልዳለሁ፣ ዘብ ስታዙኝ እወጣለሁ። ድመት በመጣ ቀን ግን መውጫ የለኝም። ዳኛዬ ይፍረዱኝ።»

አያ ሸንቃጣ ጺሙን አሻሸ። «እኔም ከዚያው ዱቄት እበላለሁ፣ እንደ እሷ ግን አልወፈርኩም። ልዩነታችን ምንድን ነው? ልዩነታችን እኔ ራሴን መግዛቴ፣ እሷ አለመግዛቷ ነው። ሆዳም ፍቅር አያውቅም ይባላል፤ ሕግም አያውቅም። ቀዳዳ ማስፋት ስንፍናን ማበረታታት ነው። ይህን ባላስረዳ አንድ ቁና ሰሊጥ ልቀጣ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀጫጭኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወፍራሞቹም ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለብዙ ጊዜ የተነገራቸውን አምነውት ነበርና።

እመት ኤሊ አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ አወጣች። «ከአንድ ማዕድ የበላ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ነው የምትለው?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ምስክር ይቅረብ።»

መጀመሪያ የቀረበችው ከባሕር ማዶ የመጣች ጥቁር የቤተ ሙከራ አይጥ ናት። ከወፍጮ ቤቱ አይጦች ሁሉ ትገዝፋለች። እግሯ ስለማይታይ የምትንከባለል ይመስላል።

«የኔ ዓይነቷ መጀመሪያ የታየችው» አለች፣ «በፈረንጆቹ 1949 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚባል ከተማ፣ ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከአባትም ከእናትም አንዲት የተበላሸች ዘረመል የወረሰ አይጥ የእኩዮቹን ሦስት እጥፍ ይመዝናል። ብዙ ዘመን እኛንም ሆዳሞች ይሉን ነበር። ኋላ ዳግላስ ኮልማን የሚባል ተመራማሪ የኔ ዓይነቷን አይጥና ጤነኛዋን አይጥ ቆዳ ለቆዳ ሰፍቶ ደማቸው እንዲገናኝ ቢያደርግ፣ የኔ ዓይነቷ መብሏን ቀነሰች። በጤነኛዋ ደም ውስጥ እኛ የጎደለን አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ዘረመሏን አገኟት። የጎደለን ነገር ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ነው። ስብ ይሠራዋል፣ በደም ተጉዞ ለአንጎል ‹ስንቅ አለን› ብሎ ይነግራል። የኔ ስብ ይህን መልእክት አይልክም። ስለዚህ ስንቅ ላይ ተቀምጬ አንጎሌ ራብ ነው ይለኛል፤ የምበላውም በራብተኛ ልብ ነው።»

«በሰውስ ታይቷል?» አለች ዳኛዋ።

«ታይቷል። በ1997 የእንግሊዝ ሐኪሞች እንደኔ ሌፕቲን የሌላቸውን ሁለት ሕፃናት አገኙ። በኋላ ሌፕቲን ሲወጉ የምግብ ፍላጎታቸው ረጋ፣ ክብደታቸው ቀነሰ። ግን ልብ ይበሉ እሜቴ፣ ይህ እጅግ የማይገኝ በሽታ ነው። ከወፍራሙ ሰው አብዛኛው ሌፕቲን ሞልቶታል፤ መርፌውም አይፈይደውም።»

እመት ኤሊ ድቡሌን አስመረመረች። ዘረመሏ ደኅና ነው፣ ሌፕቲኗም ሙሉ ነው።

አያ ሸንቃጣ ዘለለ። «ይኸው! እንግዳዋ በሽተኛ ናት፣ ይማራት። ተሟጋቼ ግን ጤነኛ ናት። ስለዚህ ሆዳም ናት!»

«ገና ነው» አለች ዳኛዋ። «በበሽታና በሆዳምነት መካከል ሌላ መንደር የለም ያለህ ማነው?»

ሁለተኛው ምስክር ላብራዶር የሚባል የፈረንጅ ውሻ ነበር። አይጦቹ ፈርተው ወደ ኋላ ቢያፈገፍጉም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ እንዲናገር ተፈቀደለት። ሁሉም የጠበቀው ወፍራም ውሻ ነበር፤ የመጣው ግን ወገቡ የጠበበ ነው።

«የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ኤሊኖር ራፋንና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳገኙት፣ ከላብራዶሮች ሩብ ያህሉ ፒኦኤምሲ በሚባል ዘረመላቸው ውስጥ 14 ፊደላት ጎድለዋቸዋል። እኔ አንዱ ነኝ። በሽተኛ አይደለሁም፤ እሮጣለሁ፣ አደን እወጣለሁ። ስበላም እንደማንኛውም ውሻ እጠግባለሁ። ብቻ ከአንዱ ማዕድ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ራቡ ቶሎ ይመለስብኛል። ዐርፌ ስተኛም ሰውነቴ የሚያቃጥለው ከሌላው ውሻ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ፊደላቱ የጎደሏት አንዲት ቅጂ ባንድ ውሻ ላይ ወደ 2 ኪሎ ትጨምራለች።»

«ታዲያ አንተ እንዴት ቀጠንክ?»

«ጎረቤቴ ይህ ጉድለት የሌለበት ውሻ ነው። ጌታው ሳህኑን ሞልቶለት ይወጣል፤ ውሻው ቀጭን ነው። የኔ ጌታ ምግቤን በሚዛን ይለካል፣ ጠዋት ማታ ያስሮጠኛል፣ ልጆቹ ፍርፋሪ እንዳይጥሉልኝ ይቆጣል፣ ጓዳውን ይቆልፋል። እኔም ቀጭን ነኝ። ጎን ለጎን ስንቆም እኩል ነን። የተከፈለበት ዋጋ ግን እኩል አይደለም።»

ሕዝቡ ዝም አለ። አያ ሸንቃጣ ግን መውጫ ያየ መሰለው። «ሰማችሁ? ያው ደም ያለው ውሻ መቅጠን ከቻለ እሷ ለምን ያቅታታል?»

ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ ትክ ብሎ አየው። «ጓዳውን የቆለፈው ጌታዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቁልፉ በኔ እጅ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሚቆመው ሌላ ውሻ ነበር። የናንተን ጓዳ ማን ይቆልፈዋል?»

ሦስተኛው ምስክር አባ ብራና ነው፤ ከስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት የመጣ ሽማግሌ አይጥ። ዕድሜውን የኖረው የምርምር መጽሔት እየበላ ነው።

«የምመሰክረው በልቼ የጨረስኩትን ብቻ ነው» ብሎ ጀመረ። «ከካናዳ የመጣች አንዲት ጽሑፍ ነበረች፣ የ1990፣ ጣፋጭ። ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ መልካቸው የማይለይ 12 ጥንድ ወጣት ወንድ መንትዮችን አሰባስበው፣ ለእያንዳንዱ በቀን ከሚበቃው ላይ 1000 ካሎሪ እየጨመሩ ለ84 ቀን አበሉ። ትርፉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ጓዳ ገብቶ የሚሰርቅ የለም። አንዱ የጨመረው 4 ኪሎ ሲሆን ሌላው 13 ኪሎ ጨመረ። መንትያ ከመንትያው ጋር ግን ተቀራረበ። አንዱ ብዙ ከጨመረ ወንድሙም ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ከጨመረ ወንድሙም ጥቂት።»

«ከአንድ ማዕድ የበላ ሁሉ አንድ አይሆንም ማለት ነው» አለች እመት ኤሊ።

«አይሆንም። በ2007 ደግሞ ኤፍቲኦ የምትባል ዘረመል ተገኘች። ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ አዋቂዎች ተመርምረው፣ ከመቶው 16 ያህሉ አደገኛዋን ፊደል ከአባትም ከእናትም ወርሰዋል። እነዚህ ፊደሏን ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ይበልጣሉ።»

ይህን ሲል ከሕዝቡ መካከል አያ ክታቤ ተነሣ። ክታቤ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ ለአንድ እፍኝ ሽምብራ፣ የአይጥን ዕጣ ከጺሟ ጫፍ አነባለሁ የሚል ነው። «ያቺን ፊደል እኔም አነባለሁ! ተሟጋቾቹን ልይና ነገሩ ይለቅ!»

አያ ሸንቃጣ ደስ አለው። ክታቤ ከሁለቱም ጺም ወሰደ፣ ወደ ፀሐይ አነሣ፣ ደጋግሞ አየ፣ አላበው።

«እመት ድቡሌ… አንዲት። አያ ሸንቃጣ…» ድምፁ አነሰ፤ «ሁለት።»

ግቢው ተናወጠ። ቀጭኑ ሹም አደገኛዋን ፊደል በሁለት ወገን ተሸክሞ፣ ወፍራሟ በአንድ! ገሚሱ «ክታቤ ዋሽቷል» አለ። ገሚሱ «እንግዲያው ደም ምንም አይደለም፣ ሁሉም የራስ ጥፋት ነው» አለ።

«ክታቤ ፊደሏን በትክክል አንብቧል» አለ አባ ብራና፣ «ያላነበበው መጽሐፉን ነው። በ2018 ወደ 700,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገውን ምርመራ በልቼዋለሁ። ክብደትን የሚነኩ ከ900 በላይ ቦታዎች በዘረመል ውስጥ ተገኝተዋል። አንዳንዱ በግራም ይጨምራል፣ አንዳንዱ በግራም ይቀንሳል። ሁሉንም ደምረህ እንኳ ሰውና ሰው በክብደት ከሚለያዩበት ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነው የምታስረዳው። የመንትዮች ጥናት ግን ውርስ ከመቶ 40 እስከ 70 ይደርሳል ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን አዋቂዎቹ ገና እየፈለጉት ነው። አንዲት ፊደል አንብቦ ዕጣ መንገር የሽምብራ ንግድ ነው።»

ክታቤ ሽምብራውን አቅፎ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ አባ ብራና። «ከእነዚያ ቦታዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሆድ ውስጥ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ነው። ራብና ጥጋብ የሚለካው እዚያ ነው። ሁለት አይጦች እኩል በልተው አንዷ ረክታ ስትተኛ ሌላዋን የዱቄቱ ሽታ ላያስተኛት ይችላል። አያ ሸንቃጣ ‹ራሴን ገዛሁ› ያለው፣ ምናልባት ከመጀመሪያውም ብዙ የሚታገለው ራብ አልነበረበትም።»

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» አለች አንዲት አሮጊት አይጥ።

እመት ድቡሌ ይህን ሁሉ ስትሰማ ፊቷ በራ። «እንግዲህ ከደሜ ነው! እረታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዱቄቴን ስልስ ማንም አይናገረኝ፤ ብሮጥም ብተኛም ያው ነኝ።»

እመት ኤሊ አንገቷን ወደ እሷ አዞረች። «ቆይ ልጄ። ባንድ በኩል ረትተሽ በሌላው እንዳትረቺ። ሹሙ ሁለት ፊደል ተሸክሞ ለምን ቀጠነ? ያልተነበቡት ሌሎች ፊደላት ረድተውት ይሆናል። ግን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳውን ሲዞር አይቼዋለሁ። አባ ብራና፣ ስለ ሩጫ የበላኸው አለ?»

«አለ። የ2011። ከ218,000 በላይ አዋቂዎች ተቆጥረውበታል። ሰውነታቸውን በሚያንቀሳቅሱት ላይ ያቺ ፊደል የምታመጣው የውፍረት አደጋ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አይጠፋም፤ ይቀንሳል። ሌላም አለ። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ትውልድ በትውልድ የተከታተሉት ጥናት አለ። ከ1942 በፊት በተወለዱት ላይ ፊደሏ በክብደት ላይ ያላት ኃይል አልታየም። ከዚያ በኋላ በተወለዱት ላይ ታየ። ደሙ ያው ደም ነው፤ የተለወጠው አገሩ ነው። ሥራው ቁጭ ብሎ ሆነ፣ መብሉ ቀረበ።»

እመት ኤሊ ዓይኗን ጨፈነች። የጤፉን ማሳ ያስታወሰች መሰለች። «የድቡሌን ቅድመ አያት አውቃታለሁ። ቶሎ የሚርባት ነበረች። ያን ጊዜ ግን ቶሎ መራብ ጉብዝና ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ ወደ ማሳ የምትወጣው እሷ ነበረች። በክፉ ዘመንም ቤቷን ያኖረችው እሷ ናት። የማሳው ዘመን ያመሰገናትን ጠባይ የወፍጮ ቤቱ ዘመን ኃጢአት አለው።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ፍርዱን ስሙ። አንደኛ፣ ቀዳዳዋ ዛሬውኑ ትስፋ። ከድመት መዳን የቅጥነት ሽልማት አይደለም። አያ ሸንቃጣ፣ ‹ለአባቶቻችን በቅቷል› ብለሃል፤ ያረገዘች አይጥስ በዚያች ቀዳዳ ታልፋለች? ልጇን አፏ ውስጥ የያዘችስ? ማን እንደማያልፍ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ሹሙ ዝም አለ። ልጅ ተሸክሞ አያውቅም።

«ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሚዛን ሥጋን ይመዝን፣ ጠባይን አይመዝን። ‹ሆዳም› ብሎ የተሳደበ አንድ ቁና ሰሊጥ ይቀጣ፤ ሹሙ ያለውን አላስረዳምና ከእሱ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ድቡሌም ሆነች ሌላው ከደሜ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ግን ብቻውን አይታገል። ዱቄቱ ከመኝታችሁ ርቆ ይከማች፤ ለመብላት ሁሉም ጥቂት ይሩጥ። በድካም የሚገኘውን ቅጥነት ከእያንዳንዱ ከምትጠይቁ፣ አገሩን አስተካክሉት።»

«አራተኛ አለ» አለች አንዲት ትንሽ አይጥ ከኋላ። የድቡሌ ልጅ ናት። «እሜቴ፣ ወፍጮው በማይፈጭበት ሌሊት እንኳ ጠዋት ስንነሣ የስኳር ዱቄት ክምር እናገኛለን። ሁልጊዜም ከቀዳዳዋ ርቆ፣ ሜዳው መሀል ነው። ማን ነው የሚያስቀምጠው?»

አይጦቹ ተያዩ። ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሄደው አዩ። በዱቄቱ ላይ አራት ጣትና አንድ መዳፍ ታትሟል፤ ጥፍር የለውም፣ ጥፍሩን ደብቆ የሚራመድ ፍጡር ነው።

ድመቱ ነበር። የሱቁን ከረጢት እየቀደደ፣ ሌሊት ሌሊት ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል። የወፈረ አይጥና የጠበበ ቀዳዳ ለማን እንደሚበጅ ያን ጊዜ ሁሉም ገባው።

ፍርዱ ተጻፈ፤ «ዱቄት የሚበትነው እጁን ይሰብስብ» የሚል አራተኛ አንቀጽ ተጨመረበት። በማግስቱ ድመቱ ይግባኝ አለ። ማመልከቻው በጥሩ እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው።

«እኔ ማንንም አፉን ፈልቅቄ አላጎረስኩም። አይጥ ነፃ ፍጡር ናት፤ የምትበላውን ራሷ ትምረጥ። ራሷን መግዛት ላቃታት እኔ ምን ላድርግ? ቀዳዳ ማስፋት ስንፍናን ማበረታታት ነው።»

አባ ብራና ማመልከቻውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሲጨርስ የሁሉም ዓይን ወደ አያ ሸንቃጣ ዞረ። ቃል በቃል የእሱ ናት። አያ ሸንቃጣ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሹመኛ ይቅርታ አልለመደም። ነገር ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አይጦቹ ግድግዳውን ሲቦረቡሩ፣ እሱም ጥርሱን ይዞ መጣና ከእመት ድቡሌ ጎን ቆሞ ጭቃውን ይግጥ ጀመር።

ቀዳዳዋ ሰፋች። ከስፋቷ በኋላም ወፍራሙ አልጠፋ፣ ቀጭኑ አልጠፋ፤ በድመት ጥርስ የሚቀር ጅራት ግን ጠፋ። የድመቱ ይግባኝ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው። በየቀጠሮው ጠበቃ ይቀይራል ይባላል፤ ጠበቆቹም አብዛኞቹ ቀጫጭን አይጦች ናቸው አሉ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።